ጠላቂው መጀመሪያ ይዋኝ

ባለፈው እሑድ ማታ በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላባራም። ነገሩን ያመጣው የባሕር ዳሩ ጓደኛችን ነው። የአየር ጋን በጀርባው ተሸክሞ ውሃ ውስጥ ለሚጠልቅ ሰው የብቃት ምስክር ወረቀት ሲሰጠው ዋና መቻሉ ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን? ውድ አንባቢያን፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ጠላቂ መከራከር ሥራ ፈትነት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ነገሩ ለእኛ ለእጩ መምህራን ሩቅ ሆኖ ስላልታየኝ አስተያየቴን ለግድግዳ ጋዜጣችን ጽፌያለሁ።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። በአማርኛችን ይህ ባለሙያ «ጠላቂ ዋናተኛ» ነው የሚባለው። በወንዝ ወይም በኩሬ ሰው ሰጠመ ሲባል በዜና የምንሰማቸው የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ባለሙያዎች የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ታዲያ ዋና የማይችል ጠላቂ ዋናተኛ ማለት ፊደል ያልቆጠረ መምህር እንደ ማለት አይደለም? ግን በስም ብቻ ክርክር አይረታም።

ተቃዋሚዎቼ ያሉት ቀላል አልነበረም። ጠላቂው አየር የሚሞላ ሰደርያ ለብሷል፤ ቁልፉን ሲጫን ይንሳፈፋል። እግሩ ላይ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ መቅዘፊያ አለው። የሚተነፍሰውም ከጋኑ ነው። እንግዲህ ክንድ ማወናጨፍ ምን ያደርግለታል? አንዱማ «መኪና ለመንዳት ሩጫ ማወቅ ያስፈልጋል እንዴ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

መኪናማ ሲበላሽ ሰው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ስንቱ ተሳፋሪ ሻንጣውን ተሸክሞ ሲወጣ አይተናል። ጠላቂው ግን ጋኑ ሲያልቅበት ብቅ የሚለው ከጀልባው ርቆ ሊሆን ይችላል። ሰደርያውን የሚሞላው አየር ከዚያው ጋን የሚመጣ ስለሆነ፣ ጋኑ ባዶ ከሆነ በአፍ እየነፉ መሙላት ነው። ማዕበል ፊቱን እየመታው፣ መንሳፈፍ የማያውቅ ሰው ይህን ሊያደርግ ይችላል? እኔ አልችልም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ድንጋጤው ነው። በባሕር 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት ከላይኛው ሁለት እጥፍ ነው። እዚያ ሳንባ ውስጥ የገባ አየር ሰውየው ወደ ላይ ሲወጣ እየተለጠጠ ሁለት እጥፍ ለመሆን ይታገላል፤ ስለዚህ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ውሃ ያልለመደ ሰው መነጽሩ ውስጥ ጠብታ ሲገባበት የሚያደርገው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ! የዋና ፈተና የሚለካው የክንዱን ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ውሃ ፊቱን ሲሸፍነው ልቡ የት እንደሚሄድም ጭምር እንጂ።

ዕቃ ዕውቀትን እንደማይተካ በመራራ መንገድ አይተናል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። የሕይወት አድን ሰደርያቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተው፣ ውሃው ሲገባ ወደ ጣሪያ ተገፍተው መውጫ ያጡ ነበሩባቸው። ሰደርያው ነበራቸው።

ለመሆኑ የሚጠየቀውስ ይህን ያህል ነው? ፓዲ የተባለው ስመ ጥር የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ለጀማሪው ምስክር ወረቀት የሚፈልገው 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ነው። ፍጥነት አይለካም፤ መነጽር፣ የእግር መቅዘፊያና የመተንፈሻ ቱቦ ላደረገ ደግሞ 300 ሜትር ነው። መርከበኛ እንኳ፣ ሥራው ከውሃ በላይ የሆነው ሰውዬ፣ በዓለም አቀፉ ስምምነት መሠረት ያለ ሰደርያ መንሳፈፍ መቻሉን ማሳየት አለበት። ባሕር ዳር ሠልጥነው መርከብ ላይ የሚወጡት የደጋ ልጆች ይህን ተምረው ነው የሚሄዱት። ደግሞም ጠላቂዎች የሚወርዱት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ወረቀቱን አምኖ አብሮ የሚወርድ ሌላ ነፍስ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዋናን የተማርኩት በጥቁር ሰሌዳ ነው። መምህራችን የደረት ዋና፣ የጀርባ ዋና እያሉ በጠመኔ ሥለው አሳዩን፤ በጽሑፍ ተፈትኜ ከ20 18 አገኘሁ። ክረምት ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደን ዛሪማ ወንዝ ዳር ቆምን። ውሃው እስከ ጉልበት ይመስል ነበር። ሦስተኛውን እርምጃ ስረግጥ ድንጋዩ ከዳኝ፤ የ18ቱ ነጥብ አንዱም ትዝ አላለኝም። ክንዴን ይዞ ያወጣኝ ዐሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው የፍየል እረኛ ነው። «ጋሼ፣ ዋና አትችልም እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው?

እዚህ ላይ ግን ለተቃዋሚዎቼ አንድ ነገር እለቃለሁ። «ዋና የምትችል ብቻ ና» የሚል ደንብ በሩን ለሐይቅ ዳር ልጆች ከፍቶ በዳባትና በደባርቅ ልጆች ላይ ይዘጋል። የታንኳ ልጅና የገብስ ማሳ ልጅ እኩል አይነሡም። ስለዚህ መዋኘቱ በመግቢያው በር ላይ ሳይሆን በመውጫው ላይ ይጠየቅ፤ ከመግቢያው እስከ መውጫው ያለው ደግሞ የአሠልጣኙ ሥራ ነው። ወር ይፍጅ፣ ሦስት ወር ይፍጅ፣ ያስተምሩት። ሳይችል ወረቀቱን መስጠት ግን በእኔ የደረሰውን በሌላው መድገም ነው። እኛም ነገ የስፖርት መምህራን ሆነን ስንመደብ፣ ውሃ በሌለበት የዋናን ነጥብ በወረቀት ከምንሞላ «ይህ ትምህርት አልተሰጠም» ብለን ብንጽፍ ይሻላል። ይህን ስል የሚከፉብኝ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ።

የባሕር ዳሩ ጓደኛችን በመጪው ዕረፍት ጣና ዳር ወስዶ ሊያስተምረኝ ቃል ገብቷል፤ ጉማሬ በማይደርስበት በኩል እንዲሆን አደራ ብዬዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ፊት ውሃ ውስጥ እየነከሩ ትንፋሽ ከመልቀቅ በቀር ሌላ ነገር የለም አለኝ። እስካሁን የተመዘገብነው አራት ነን። የሚፈልግ ካለ ከእራት በኋላ መኝታ ቤታችን ይምጣ።