ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ፤ ያገለገለ የስፖርት አውቶሞቢል ለሚገዛ ቤተ ሰብ የቀረበ ምክር

በከተማችን ደቡብ የሚገኘው ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው መልእክትን ያለ ሽቦ ከሚያስተላልፈው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ ሽቦ የሌለውን ስልክ የነፋስ ስልክ ብሎ መጥራት ለሕዝቡ የቀለለ ነበርና። ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ፥ በጐፋና በመካኒሳ፥ በላፍቶና በለቡ፥ በጀሞም በሚኖሩ ቤተ ሰቦች ዘንድ ስለ ሌላ መሣሪያ ክርክር ይነሣል። ይኸውም፥ ነጂ በእጁና በእግሩ ይሠራው የነበረውን ማርሽ የመለወጥ ሥራ ለመኪናዋ ለራሷ መተው ይገባልን፥ ወይስ አይገባም? የሚል ነው።

ነገሩ ስለ ተራ መኪና ቢሆን ክርክሩ ባልረዘመ ነበር። የስፖርት አውቶሞቢል ግን የሚገዛው ካሰቡበት ለመድረስ ብቻ ሳይሆን ለመንዳቱም ደስታ ነውና፥ ጐልማሳው ልጅ «ማርሹን በእጁ የማይለውጥ ሰው ተሳፋሪ እንጂ ነጂ አይባልም» ሲል፥ እናቱ በበኩላቸው «በሳሪስ መንገድ ላይ በየደቂቃው ፍሪሲዮን ሲረግጡ መዋል ደስታው ምኑ ላይ ነው?» ይላሉ። ገንዘቡን የሚያወጡት አባትም በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆነው ይቀመጣሉ። እኛም ዛሬ ለእኒህ ዳኛ የሚረዳቸውን ማስረጃ ለማቅረብ አስበናል።

አስቀድሞ ማርሽ ለምን እንደሚያስፈልግ መረዳት ይገባል። የቤንዚን ሞተር ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው በተወሰነ ፍጥነት ሲዞር ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲዞር ይደክማል፥ ከመጠን አልፎ ሲዞር ራሱን ይጐዳል። ጎማው ግን ከቆመበት ተነሥቶ እስከ ትልቅ ፍጥነት ድረስ መዞር አለበት። ስለዚህ በሞተሩና በጎማው መካከል ሆኖ በዳገት ጕልበትን፥ በሜዳ ፍጥነትን የሚያድል ካምቢዮ ተሠራ። በማኑዋሉ መኪና ነጂው በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሞተሩን ከካምቢዮው ይለያል፥ በቀኝ እጁም ማርሹን ይመርጣል። በአውቶማቲኩ ግን ለፍሪሲዮን የሚረገጥ ፔዳል የለም። በተለመደው ዓይነት ዘይት የሞላበት መዘውር የሞተሩን ኃይል በዘይቱ ግፊት ያስተላልፋል፥ ማርሹንም መኪናዋ እንደ ፍጥነቷና እንደ ቤንዚን አሰጣጡ ራሷ ትለውጣለች።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ በመጣ ጊዜ፥ በዓለም ሁሉ የነጂ ጥበብ ትልቁ ክፍል የማርሽን ጥርሶች ሳያፋጩ ማገናኘት ነበር። ጥርሶቹ ከመገናኘታቸው በፊት እኩል እንዲዞሩ የሚያደርገውን መሣሪያ የአሜሪካው ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 አወጣ፤ ኦልድስሞቢልም ለ1940 ሞዴሎቹ ሃይድራማቲክ የተባለውን ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ፌራሪ ከመሪው ጀርባ በጣት የሚለወጥ ማርሽ ባላት የውድድር መኪና ቀርቦ፥ ነጂው ናይጀል ማንሰል የብራዚልን ውድድር አሸነፈ። በ2003ም ቮልስዋገን ሁለት ፍሪሲዮን ያለውን ካምቢዮ ለገበያ አወጣ፤ በዚህ መሣሪያ አንደኛው ማርሽ ሲሠራ የሚቀጥለው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ዛሬ በፍጥነት ብቻ ከተመዘነ የሰው እጅ እንዲህ ያለውን ካምቢዮ አይቀድመውም።

ይሁን እንጂ ፍጥነትና ደስታ አንድ አይደሉም። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ጂቲ3 የተባለውን የስፖርት አውቶሞቢል ያለ ማኑዋል ብቻ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ደንበኞቹ የእጅ ማርሹን ስለ ናፈቁ በ2017 ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋሉን መልሶ አቀረበላቸው። እንግዲህ ልጁ ስለ ደስታ የሚናገረው የልጅነት ወሬ ብቻ ነው ተብሎ አይናቅም፤ በዓለም የታወቀ ፋብሪካም ሰምቶታልና። ለቤተ ሰቡ ግን ከደስታው ጋር አብረው የሚመዘኑ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነዚህም አገሩ፥ ቤቱና ጋራዡ ናቸው።

ስለ አገሩ፥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍማ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከኃይሉ 1 በመቶ ያህል ያጣል። በዚህ ስሌት ፋብሪካው 200 የፈረስ ጕልበት የጻፈለት ቶዮታ 86 በእኛ ከተማ ከ160 የማይበልጥ ይቀረዋል። አራት ማርሽ ብቻ ያለው አሮጌ አውቶማቲክ በዚህ ላይ ሲጨመር፥ መኪናዋ በመልኳ ፈረስ በአካሄዷ አጋሰስ ትሆናለች። ማኑዋል ግን ነጂው ማርሹን ይዞ ሞተሩን ኃይል በሚሰጥበት ዙር ላይ እንዲያቆየው ያስችለዋል። ቱርቦ ያለውና ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ማርሽ ያለው አውቶማቲክ በበኩሉ በከፍታው ብዙ አይጐዳም። ስለዚህ ካምቢዮው ከሞተሩ ተለይቶ ሊመረጥ አይገባውም።

ዳገት ሲነሣ ቁልቁለትም ይነሣል። ወደ ጐጃም የሚሄድ ሰው ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው የዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ይወጣል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት መኪናን በፍሬን ብቻ መያዝ ፍሬኑን አግሎ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል፤ የሚያድነው በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ማኑዋል የለመደ ሰው ይህን ያውቀዋል። አውቶማቲክ የሚነዱ ብዙዎች ግን መቀየሪያውን «ዲ» ከሚለው ፊደል ላይ ሳያነሡ ይወርዳሉ፤ ይህም የመሣሪያው ጕድለት ሳይሆን የትምህርቱ ጕድለት ነው፥ አውቶማቲኩም ለዚሁ የተሠራ ዝቅተኛ የማርሽ ቦታ አለውና። ቤንዚን ለመቈጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መውረድ ግን በሁለቱም ዘንድ ሊደረግ የማይገባው አደገኛ ልማድ ነው።

ስለ ቤቱ፥ በአንድ ግቢ አንዲት መኪና ብቻ አለች እንበል። ልጁ ማኑዋል የስፖርት አውቶሞቢል አስመርጦ፥ ቤተ ሰቡም ደስ ብሎት ተገዛች። እናት መንዳት ያውቃሉ፤ ነገር ግን ከአውቶማቲክ በቀር ነድተው አያውቁም። አንድ ሌሊት ልጁ በክፍለ ሀገር ሳለ፥ አባት በደረታቸው ሕመም ተይዘው ከአልጋቸው መነሣት ተሳናቸው። ቁልፉ በእናት እጅ ነው፥ ቤንዚኑ ሙሉ ነው፥ ሐኪም ቤቱም ሩቅ አይደለም። እናት ሞተሩን ያስነሣሉ፤ መኪናዋ ግን አንድ ጊዜ ዘልላ ትጠፋለች፤ እንደገና ቢያስነሡም እንዲሁ ይሆናል። በመጨረሻም የጎረቤት በር እያንኳኩ «ጋሼ፥ እባክዎ ይድረሱልን» ማለት ይመጣል። ያን ጊዜ ስለ መንዳት ደስታ የተነገረው ሁሉ ምን ይረባል? በቤት ካለው አንድ ሰው ብቻ የሚነዳት መኪና፥ ሊብሬዋ በአባት ስም ቢሆንም የዚያ የአንዱ ሰው መኪና እንጂ የቤተ ሰቡ አይደለችም።

ይህን ስንል ማኑዋልን ለመንቀፍ አይደለም። በሌላ ሌሊት ባትሪው ሞቶ ቢገኝ፥ ማኑዋሏን ሁለት ጎረቤቶች ገፍተው ያስነሧታል፤ አውቶማቲኳ ግን ብትገፋም አትነሣም። እንዲሁም አውቶማቲክ መኪና ብትበላሽ፥ ኃይል የሚሰጡት ጎማዎቿ መሬት ነክተው ሩቅ መንገድ ብትጐተት ካምቢዮዋ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ዳኛው አባት «ማን ይነዳታል? በችግር ጊዜስ ማን ሊነዳት ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከአንድ ሰው በላይ ከሆነና ሁሉም ማኑዋል የማያውቁ ከሆኑ፥ ወይ አውቶማቲክ ይግዙ፥ ወይ ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ለሚስታቸውና ለሴት ልጃቸው ማስተማሪያ የሚሆነውን አስቀድመው ይለዩ። የእያንዳንዱም መንጃ ፈቃድ የሚገዛውን ዓይነት የሚፈቅድ መሆኑን ይመርምሩ።

ስለ ጋራዡ፥ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ ከዚያም አስቀድሞ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186/2012 ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። እንግዲህ የቤንዚን ስፖርት አውቶሞቢል የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው በአገር ውስጥ ካሉት ጥቂቶች መካከል ነው፤ ዕቃ ሲሰበርም ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ወልቆ የሚገኘው በዚያው መጠን ጥቂት ነው። የማኑዋል ፍሪሲዮን በአገልግሎት ብዛት የሚያልቅና የሚተካ ዕቃ ነው፤ ሥራውንም ብዙ መካኒኮች ያውቁታል። የታወቀው የቶዮታ አውቶማቲክም በከተማው ስለ በዛ ሠሪ አያጣም። ነገር ግን ከሩቅ አገር የመጣ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ቢበላሽ፥ በሶማሌ ተራ ውለው አድረው ሊያገኙት የማይችሉትን ዕቃ መፈለግ ይሆናል፤ ይህም ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ነው።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን አይተው፥ እግሯን ዳብሰው፥ በዳገትና በቁልቁለት አስኬደው ነበር እንጂ የሻጩን ቃል ብቻ ሰምተው አልነበረም። ያገለገለ መኪናም እንዲሁ ይፈተናል። ገዢው ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረስ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ቢጠብቀው ሌላ ቀን ይመለስ። ከዚያም በንፋስ ስልክ መንገድ በመኪና መጨናነቅ መካከል፥ ቀጥሎም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ይንዳት። ማኑዋል ከሆነች፥ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ዳገት ስትወጣ ቤንዚን ሲጨመርላት የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የሚያፋጭ ድምፅ ከተሰማ፥ ወይም ቤንዚን ሲለቀቅ ማርሹ በራሱ ከወጣ፥ ካምቢዮው ራሱ ታሟል።

አውቶማቲክ ከሆነች፥ ፍሬን ተረግጦ መቀየሪያው ወደ «ዲ» ወይም ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ ብዙ ሳትዘገይና ሳትደነግጥ መያዝ አለባት። ዘይቱ የሚታይበት ዘንግ ካላት ወጥቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ይጠረግ፤ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው ሻጩ ዋጋ ቢቀንስም አይገዛ። ስትሞቅ ማርሽ በምትለውጥበት ጊዜ የምትናጥ ወይም ሞተሯ ባዶውን የሚጮህ ከሆነም እንዲሁ ነው። ከዚህ በኋላ ደላላው የማያውቀው መካኒክ ከሥር ገብቶ ይያት።

እንግዲህ ፍርዱን በአጭሩ እንናገር። ነጂዋ አንድ ሰው ለሆነ፥ ሌላም መኪና በቤት ላለ፥ ወደ ሩቅ አገር መሄድ ለሚወድ፥ ቱርቦ የሌላትም መኪና ለመረጠ ሰው ማኑዋሏ ትሻለዋለች። ለቤተ ሰብ አንዲት ብቻ ለሆነችና ጧትና ማታ ከጀሞ ወይም ከሳሪስ ወደ መሐል ከተማ ለምትመላለስ መኪና ግን፥ የታወቀ ፋብሪካ የሠራው አውቶማቲክ ይመረጣል። ጤናማ አውቶማቲክ ከታመመ ማኑዋል ይበልጣል፥ ጤናማ ማኑዋልም ከታመመ አውቶማቲክ ይበልጣል፤ የካምቢዮው ጤንነት ከዓይነቱ ይቀድማልና።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪናዎች በአብዛኛው የሚለወጥ ማርሽ ስለሌላቸው፥ ይህ ክርክር ከልጆቻችን ልጆች ዘንድ ላይደርስ ይችላል። እስከዚያው ድረስ ግን ማኑዋል የገዛ አባት ልጁን አንድ ነገር ይዘዘው፤ ይኸውም መኪናዋን ለብቻው ከመደሰቱ በፊት፥ እናቱን በእሑድ ጧት ጭር ባለ ሜዳ ወስዶ ፍሪሲዮኑን እንዴት እንደሚለቁት በትዕግሥት እንዲያስተምራቸው ነው።