የልጆች ፍርሃት እንዴት ይለመዳል፤ እንዴትስ ይለቃል?

ሕፃን ልጅ እንስሳ አይቶ ሲጮኽ ወላጆች ወይ ይቆጡታል ወይ ይሥቁበታል። ሁለቱም ፍርሃቱን እንደማያርቁለት እናምናለን።

ለምግብ መፈጨት ምርምራቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፥ ውሻ ምግብ ሲቀርብለት ማንም ሳያስተምረው ምራቁ እንደሚፈስ ያውቁ ነበር። ከምግቡ አስቀድመው የሜትሮኖም ድምፅ ደጋግመው ቢያሰሙት ግን፥ ውሻው ድምፁን ብቻ ሰምቶ ምራቁን ማፍሰስ ጀመረ። ድምፁ ያለ ምግብ ሲደጋገም ደግሞ ምራቁ እየቀነሰ ሄደ። (የሳሕን ድምፅ ሰምታ የምትሮጥ ድመት ያለችው ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።)

ፍርሃትም እንዲሁ ይለመዳል። የተለመደው ይለቅ እንደ ሆነ የመረመሩት አሜሪካዊቱ ወይዘሮ ሜሪ ኮቨር ጆንስ ናቸው። እርሳቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ልጅን በቃል ማግባባትም ሆነ መሳለቅ ብዙ እንደማይጠቅም ገለጡ።

ፒተር የተባለው፥ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ፥ ጥንቸል እጅግ ይፈራ ነበር። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን በሽቦ ቤት አድርገው ከሩቅ አኖሩለት፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት አስጠጉት። በዚህ ላይ ችኮላ አደገኛ ነው፤ ፍርሃቱ ከምግቡ ደስታ ከበረታ ልጁ ምግቡን ራሱን መፍራት ሊለምድ ይችላልና። ወይዘሮ ጆንስም ይህን አስጠንቅቀዋል።

በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉን በእጁ ዳበሰው፤ ጣቶቹንም እንዲቀምስ ፈቀደለት።