ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ ስሙስ?

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። የሐዋሳ ወፍ እዚሁ ሐዋሳ ይፈለፈላል፤ ከሐይቁ ዓሣ እየለቀመ ጫጩቶቹን ያሳድጋል፤ ንጋት ላይ ከሾላው ቅርንጫፍ ሆኖ እንዳገሩ ይጮኻል። ስሙ ግን እንዳገሩ አይጠራም። ስሙን የሚያውቁት፣ የሚጽፉትና ከነፎቶግራፉ በማኅደራቸው የሚያኖሩት ከሩቅ የመጡ እንግዶች ናቸው። ዛሬ ልናገር የፈለግሁት ስለዚህ ነገር ነው።

ቤቴ መሃል ከተማ ነው። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ጎዳና ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ፣ አንገታቸው ላይ የሩቅ ማሳያ መነጽር ያንጠለጠሉ፣ ትከሻቸው ላይ ክንድ የሚያህል ሌንስ የተሸከሙ የውጭ አገር ሰዎች በዚህ መንገድ ይታያሉ። ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ያለውን ዳርቻ ዛፍ በዛፍ ይፈትሹታል። የሚፈልጉት «አዲስ» ወፍ ነው። በእነርሱ ቋንቋ አዲስ ማለት ሰውየው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ማለት ነው። ዝርዝር አላቸው፤ ያዩትን ምልክት ያደርጉበታል። አህጉር አቋርጠው መጥተው አንዲት ጭብጥ የማትሞላ ወፍ በሌንሳቸው ውስጥ ስትገባ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ለአንዲት ወፍ መንቀጥቀጥ የሚችል ልብ ለግጥምም ሩቅ አይደለም ብዬ አምናለሁና። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አዲስ፣ ለማን?

*

በአገራችን የ«አዲስ ወፍ» ታሪክ ረጅም ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሰሜኑን ደጋ ዞሮ የብዙ ወፎችን ቆዳ ይዞ ተመለሰ። አፈ ወፍራሙን የደጋ ቁራ እ.ኤ.አ. በ1836 እንደ አዲስ ዝርያ ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀው። ለስሜን ገበሬ ግን ያ ቁራ አዲስ አልነበረም። በግቢው ሥጋ ሲሰርቀው የኖረ፣ ሄዶ የቀረ ሰው ባጋጠመው ቁጥር «የቁራ መልእክተኛ» እያለ ሲተርትበት የኖረ ጎረቤቱ ነበር።

ቀጥሎ የጣሊያኑ ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ መጣ። በደቡቡ ምድራችን ሲዘዋወር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል ከየት እንደተገኘች ያልተጻፈባት አንዲት ውብ ወፍ ነበረች። ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1896 በሟቹ ልዑል ስም ሰየማት። ከዚያ በኋላ ለዐሠርት ዓመታት አገሯ የት እንደሆነ ለአውሮፓ ሊቃውንት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። እርሷ ግን አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም። በነጌሌ ቦረና አካባቢ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ፍሬዋን ትለቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ ሞልቶኒ የያቤሎዋን ቁራ መሰል ወፍ ሲሰይም የሁለት ሳይንቲስቶችን ስም ባንድ ላይ አሸከማት፤ የዛቫታሪንና የሽትሬዘማንን። በዓለም ላይ ከዚያች ጠባብ የደቡብ ኢትዮጵያ ምድር በቀር የትም የማትገኝ፣ በቦረና ከብቶች መካከል ስትውል የኖረች ወፍ ናት። በስሟ ውስጥ አንድ ጣሊያናዊና አንድ ጀርመናዊ ይኖራሉ። ቦረናው የለም።

ለእኛ ለሐዋሳዎች ይበልጥ የሚቀርበው የሊበን ሜዳዋ ትንሽ ወፍ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ነጌሌ አጠገብ ተገኝታ እ.ኤ.አ. በ1975 ስትሰየም በላቲን ስሟ ላይ «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ተቀመጠ። ሐዋሳ ዋና ከተማው የነበረችለት የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ከካርታ ሲነሣ ስሙ በወፊቱ ላይ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ግን ወፊቱ ቀደም ሲል በሶማሌላንድ ከተሰየመች ወፍ ጋር አንድ ዝርያ ናት አለና ያም ስም ቦታውን ለቀደመው ለቀቀ። ወፊቱ ራሷ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት የዓለም ወፎች መካከል ትቆጠራለች። ክፍለ ሀገሩ ሄደ፤ ስሙ ተከተለ፤ ወፊቱም በመንገድ ላይ ናት።

የነጭ ሳሩ ታሪክ ደግሞ ልቦለድ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጣ የጥናት ቡድን በነጭ ሳር ሜዳ መንገድ ላይ የሞተች የሌሊት ወፍ ቅሪት አገኘ። የሌሊት ወፍ ስል ጡት አጥቢዋን አይደለም፤ ማታ ማታ እየበረረች ነፍሳት የምትበላዋን እውነተኛ ወፍ ነው። (ይኸው፣ ለእርሷ የሚሆን ስም አጥቼ ቅንፍ ከፈትሁ!) ለጥናት የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተሰየመ፤ የላቲን ስሟም «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደቡብ አፍሪካዊው ቨርነን ሄድ ከጓደኞቹ ጋር እርሷን ፍለጋ ነጭ ሳር ድረስ መጣ፤ አየናት አሉ፤ እርሱም መጽሐፍ ጻፈ። ከአንዲት ክንፍ ተነሥቶ መጽሐፍ የሚያደርስ ፍቅር ይሏል ይህ ነው። እኔ ስለዚያች ክንፍ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ግጥም እንኳ አንብቤ አላውቅም።

*

ይህን ሁሉ የምደረድረው እንግዶቹን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም ከእነርሱ የምንማረው አለ። የቀደሙት በጠመንጃ ሰበሰቡ፤ የዛሬዎቹ በካሜራ ይሰበስባሉ። በመካከሉ የሆነውን ለውጥ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1988 ቡሎ ቡርቲ ላይ ማንም የማያውቀው አንድ ወፍ ተገኘ። ሊቃውንቱ ገድለው ቆዳውን አላደረቁም፤ ደሙንና ላባውን መርምረው ለቀቁት። እ.ኤ.አ. በ1991 «ነጻ የወጣ» በሚል የላቲን ቃል ሰየሙት። እ.ኤ.አ. በ2008 ታዲያ የዘረመል ምርመራ ወፉ አዲስ ዝርያ ሳይሆን የታወቀ ዝርያ የቀለም ልዩነት መሆኑን አሳየ። ስሙ ወደቀ፤ ወፉ ግን በሕይወቱ በርሮ ሄዷል። ሰው መሳሳቱ ላይቀር፣ በተለቀቀ ወፍ ላይ ቢሳሳት ይሻላል።

ካሜራው እንግዲህ ወፉን ይተውልናል። ስሙን ግን አይተውልንም። አንድ ቀን ሐይቁ ላይ ጀልባ የሚቀዝፍ ወጣት ይዞኝ ሲሄድ፣ ሸምበቆ ላይ ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካናማ የሆነች ትንሽ ወፍ አየሁ።

«ይህችስ ማን ትባላለች?» አልሁት።

«ማላካይት ኪንግፊሸር ናት፣ ጋሼ» አለኝ ሳያመነታ።

«በአማርኛስ?»

«በአማርኛማ… ወፍ ናት።»

«በሲዳምኛስ?»

መቅዘፊያውን አቁሞ ትንሽ አሰበ። «አያቴን መጠየቅ አለብኝ» አለኝ።

ከእነዚህ ሦስት መልሶች የበለጠ ስለ ጉዳዩ የሚናገር መጽሐፍ አላነበብሁም። የእንግሊዝኛውን ስም የሚያውቀው እንጀራው ስለሆነ ነው፤ እንግዳው የሚከፍለው ለዚያ ስም ነው። የአማርኛው ስም ባዶ ቦታ ነው። የሲዳምኛው ደግሞ ምናልባት አለ፤ ግን አያቱ ዘንድ ነው። አያት ደግሞ፣ እንደምናውቀው፣ ዘላለም አይቆይም።

*

አማርኛ በወፍ ደሃ ነው እንዳትሉኝ። ሕፃን በእግሩ ሲቆም «ወፌ ቆመች» እንላለን። ሳይዘሩት የበቀለውን «ወፍ ዘራሽ» እንለዋለን። ነገርን ከላይ ሆነን ስንቃኝ «በወፍ በረር» ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ነው። በደርግ ዘመን ሰውን አስሮና ዘቅዝቆ የመግረፍ ግፍ እንኳ «ወፌ ላላ» ተብሎ ነበር። የዛሬ ልጆች ምንም የለም ለማለት «ወፍ የለም» ይላሉ። አንደበታችን ወፍ በወፍ ነው። ያጣነው ወፍን አይደለም፤ ይህችን ወፍ ከዚያች የምንለይበትን ስም ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዋኔ፣ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ጭላት፣ ጉጉት፣ እርኩም፣ ጆፌ አሞራ፤ እነዚህን ስሞች ያወጣ ሊቅ ወይም አካዳሚ አልነበረም። ያወጣቸው አይቶ የማይጠግብ ገበሬና እረኛ ነው። አሞራ ገደል ሄዳችሁ አባ ኮዳን እዩት። ዓሣ የሚበልቱት ልጆች አንጀት እስኪወረውሩለት ድረስ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ቆሞ ይጠብቃል። የሳፋሪ አስጎብኚዎች ከአምስቱ የአፍሪካ መልከ ጥፉዎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ወፍ ፈላጊዎቹም በአፍሪካ ብዙ ቦታ ስለሚያገኙት አልፈውት ይሄዳሉ። የእኛ ሰው ግን አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት አየ፤ የመንገደኛን የውሃ ኮዳ አስታወሰው፤ «አባ» የሚል ማዕረግ ጨመረለትና ስም አደረገው። በሁለት ቃል መልክ፣ ቀልድና አክብሮት። ግጥም ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

የእኛ ብዕር ግን ከዚህ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለኛል። ዛፍ ላይ ስንደርስ እንጠነቀቃለን፤ ባለታሪካችንን ዋርካ ሥር ስናስቀምጠውና ዝግባ ሥር ስናስቀምጠው ስሜቱ የተለያየ መሆኑን እናውቃለን። ወፍ ላይ ስንደርስ ግን «ወፎች ዘመሩ» ብለን እናልፋለን። የትኞቹ ወፎች? በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት አይዘምሩም፤ ጨርሶ የማይዘምሩም አሉ። አባ ኮዳ መንቁሩን ያንኳኳል እንጂ አይዘምርም።

«ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ የወፍ ስም ምን ይረባናል?» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም ሙሾ ነው። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ አስቀድማ የምትፈልገው የሟቹን ስም ነው። ስሙን ሳታውቅ ምን ብላ ታስለቅሳለች? ከሐዋሳ ወጣ ብሎ የሚገኘው ጨለለቃ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ ጠፍቶ ረግረግ ሆነ። ከውሃው ጋር አብረው ስለሄዱት ወፎች በአማርኛ ያለቀሰ አልሰማሁም። ልበ ደረቆች ስለሆንን አይደለም። ማን ብለን እንጥራቸው? ስም የሌለው ሲሞት ቀባሪ እንጂ አልቃሽ የለውም። ቀባሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ገዳዩ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ደራሲያንና ገጣሚያን ስም እንሰብስብ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ከእንግሊዝኛ እየተረጎምን አንፍጠር፤ እንዲህ ያለ ስም ከወረቀት አይወርድም። ይልቅ ዓሣ አጥማጁን፣ እረኛውን፣ የንብ አናቢውን ቤት እናንኳኳ። ከሲዳምኛ፣ ከወላይትኛ፣ ከኦሮምኛ የምናገኘውን ስም ያለ ሐፍረት ወደ አማርኛ እናግባው፤ ከግእዝም ከዐረብኛም ስንወስድ ኖረናልና። ያገኘነውን ደግሞ በመዝገበ ቃላት ብቻ አንቅበረው፤ በልቦለድ እናስበርረው፣ በግጥም እናስጩኸው። ስም የሚኖረው ሲጠራ ነው።

ዛሬ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያወጣው መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ የወፉን ድምፅ ሰምቶ ማንነቱን ይናገራል። ግሩም ነገር ነው፤ ተጠቀሙበት። ነገር ግን የጀልባው ልጅ አያት የሚያውቁትን ስም ስልክ ሊነግራችሁ አይችልም። ውድ አንባቢያን፣ እናንተም አያት፣ አጎት፣ የአገር ቤት ዘመድ ይኖራችኋል። በሚቀጥለው ጊዜ ስታገኟቸው ስለ ጤናቸውና ስለ መኸሩ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ ደጃፋቸው ዛፍ ላይ ወዳለችው ወፍ እየጠቆማችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ይህችስ ማን ትባላለች?»

ያን ጊዜ የምትሰሙት ስም፣ እርሱ ነው ለእኛ አዲሱ ወፍ።