ሰዎቹ ሄዱ፤ ቡዳው ለምን ቀረ?

በየአገሩ ተረት ውስጥ በአስማት ሰው የሚያጠፋ ክፉ ማኅበር አይታጣም። የተረቱ ማኅበር ግን ተረቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። በእኛ ዘንድ፣ በደባርቅና በዳባት፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ እንዲህ ያለው ማኅበር በጎረቤት ይኖራል ተብሎ ሲታመን ኖሯል፤ ስሙም ቡዳ ነው። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይሉታል።

ይህ ስም በማን ላይ እንደ ወደቀ እንመርምር። የወደቀው ማረሻ በሚቀጠቅጠው ጠይብና እንስራ በምትሠራው ሸክላ ሠሪ ላይ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው፣ አፄ ሱስንዮስም በ17ኛው መቶ ዓመት በስሜን ዘምተውባቸዋል፤ ርስት የተነፈጉትም በወናፍና በሸክላ ኑሯቸውን ገፉ። እንግዲህ በዓይኑ ብቻ የሚገድል ማኅበር አንድ ጥማድ መሬት እንዴት አጣ? የዘመተበትን ንጉሥስ ስለ ምን አልበላም?

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ግን ከአፍ አልፎ ልብ አልደረሰም።

ትልቁ ማስረጃ የመጣው ኋላ ነው። ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሺህ የሚቆጠሩ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነው ወደ እስራኤል ሄዱ። ሰዎቹ ሄዱ፤ ቡዳው ግን አልሄደም። ዛሬም ሕፃን ሲከሳ፣ ሙሽራ ሲታመም ሌላ ጎረቤት ይጠረጠራል። ነገሩ በደማቸው ቢሆን ኖሮ አብሯቸው በሄደ ነበር። ስለዚህ ቡዳ የሚኖረው በጠይቡ ዓይን ሳይሆን በጠርጣሪው ፍርሃት ነው።

ጉዳቱም በስድብ አያበቃም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርዶ ወባ ወይም ካላዛር ይዞት የተመለሰ ጎልማሳ፣ «ማን በላህ?» እየተባለ ጭስ ሲታጠን፣ በሽታው ጊዜ ያገኛል። አንዱ መድኃኒት ሳያገኝ ይሞታል፤ ሌላው ባልሠራው ወንጀል ከጎረቤት ይለያል።

የተማርን ነን የምንል ወገኖች ሆይ! ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በሠርግም በለቅሶም ይህ ስም ሲነሣ ዝም ማለት አይገባንም። ታማሚውን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ፤ ከጠይቡም ቤት ገብተን ማዕዱን እንቁረስ። በጠይብ ማረሻ አርሶ የጠገበ አገር «ጠይብ በላኝ» ሊል አይገባውም።