ሣሩ ይጠጣ ወይስ ሰው?



ውሃ በፈረቃ በሚታደልባት አዲስ አበባ፣ ለጋራ ግቢያችን ሣር በየማታው ቧንቧ ሲከፈት ዝም ብሎ ማየት ያሳፍራል። እናቶች ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ ሣሩ ግን ተራ አያውቅም። ይህ ውበት ሳይሆን ብክነት ነው!

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ነው። ለምለም ሣር በበጋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል። የእኛ ሣር 400 ካሬ ሜትር ነውና በቀን 1,600 ሊትር፣ ማለትም 80 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጠጣል። ያውም ከለገዳዲና ከገፈርሳ ተጣርቶ፣ ከአቃቂ ጉድጓድ በፓምፕ ተስቦ የሚመጣውን የመጠጥ ውሃ!

«ታዲያ ግቢው አቧራ ይሁን ወይ?» የሚሉ አሉ። ማን አቧራ ይሁን አለ? ሬት፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና ወይራ አንዴ ሥር ከያዙ የበጋን ፀሐይ ይችላሉ። ግርጌያቸው ላይ ደረቅ ቅጠል ወይም ጭድ ቢነሰነስ መሬቱ እርጥበቱን ቶሎ አይለቅም። ሽታቸው ደግሞ ለቡናችንም ለወጣችንም ይተርፋል።

«ልጆቹስ የት ይጫወቱ?» ለሚሉም መልስ አለን፤ መካከሉ ለሰርዶ ይተው። ሰርዶ በበጋ ቢደርቅም ክረምት ሲገባ ማንም ሳያጠጣው ያንሰራራል።

«ሣሩ እኮ የመዋጮ ገንዘብ ወጥቶበታል» የሚለው ክርክር ግን ውሃ አይቋጥርም። አንዴ የወጣ ገንዘብ፣ ነገም ውሃ ለማባከን ፈቃድ አይሆንም።

ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው የሚከተለውን እንዲወስን እንጠይቃለን፦

1ኛ/ ሣሩን በቧንቧ ውሃ ማጠጣት ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።

2ኛ/ ሰኔ ሲገባ ዳር ዳሩ ተቆፍሮ ችግኝ ይተከል፤ ክረምቱ ራሱ ሥር ያስይዝልናል። በመጀመሪያው በጋ ብቻ በሳምንት አንድ ቀን ይጠጣ።

3ኛ/ ለስብሰባ አዳራሹ ጣሪያ አሸንዳና በርሜል ይገጠም። ከ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 1,000 ሊትር ይገኛል፤ ይኸውም 5 በርሜል ነው።

ሣሩ ሳይጠጣ ቢያድር ቢጫ ይሆናል እንጂ አያለቅስም። ልጅ ግን ውሃ ሲጠማው ያለቅሳል። በስብሰባው ዕለት ቀርተን በኋላ በየደጃፉ ብናማ ዋጋ የለውም። ዶማ ያለው ዶማውን፣ ችግኝ ያለው ችግኙን ያዘጋጅ!

ከአንድ የመንደሩ ነዋሪ