ከወጋጎዳ በኋላ የቀረው ሥራ

የወጋጎዳ ነገር በወላይታ ሶዶ ዛሬም በቀላሉ አይነሳም። የያኔው ደቡብ ክልል የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አደባልቆ አንድ የመማሪያ ቋንቋ አበጀ፤ ከአራቱ ሕዝቦች ስም መነሻ ፊደል እየወሰደ ስም አወጣለት፤ መጽሐፍ አሳትሞም ወደ ትምህርት ቤቶች ላከ። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ የሶዶ ተማሪዎችና መምህራን አደባባይ ወጡ። ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ፣ ትምህርት ተቋረጠ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ብዙም ሳይቆይ አራቱን ሕዝቦች ይዞ የነበረው ሰሜን ኦሞ ዞን ፈርሶ ወላይታና ዳውሮ የየራሳቸውን ዞን አገኙ፤ ጋሞና ጎፋም ለጊዜው አብረው ቆይተው በኋላ ተለያዩ። ያ ተቃውሞ ፍትሐዊ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥር የሰደደው አስተሳሰብ ግን ሌላ ነው፦ አራቱ ቋንቋዎች በምንም ጉዳይ ባይገናኙ ይሻላል የሚል። ይህን አልቀበለውም። በደል የሆነው ሕዝብ ሳይጠየቅ ቋንቋዎቹ መጨፍለቃቸው ነው እንጂ ባለቤቶቻቸው ተቀምጠው መነጋገራቸው አልነበረም፤ እንዲያውም ያኔ የጠፋው እሱ ነው።

አራቱ ቋንቋዎች የሥነ ልሳን ሊቃውንት ኦሜቶ በሚሉት የኦሞአዊ ቋንቋዎች ክፍል ውስጥ ይመደባሉ። የቃላት ንጽጽር ወላይትኛ ከጎፍኛና ከዳውርኛ ጋር ወደ 80 በመቶ የሚደርስ ወይም የሚያልፍ ተመሳሳይነት እንዳለው ያሳያል። ወጋጎዳን ያቀዱት ሰዎች የተማመኑት በዚህ ቅርበት ሳይሆን አይቀርም። ይሁንና አንድ ቋንቋ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚወስነው የቃላት ቆጠራ ብቻ አይደለም። ቲቤትኛን እንመልከት። የላሳ ሰውና የአምዶ ሰው በየአነጋገራቸው ቢያወሩ መግባባት ይቸግራቸዋል፤ የሚያነቡት ጽሑፍ ግን አንድ ነው። ቡታን በአንጻሩ የቲቤትኛ ዘመድ የሆነውን ዞንግካን ብሔራዊ ቋንቋዋ አድርጋ በዚያው በቲቤት ፊደል ትጽፈዋለች። በፓኪስታን በኩል ባልቲስታን ያሉት ዘመዶቻቸው ደግሞ እስልምናን ከተቀበሉ በኋላ ቋንቋቸውን በፋርስና በዓረብ ፊደል መጻፍ ለምደዋል። በሕንድ ላዳክ አንዳንዶች በሚናገሩት መንገድ እንጻፍ ሲሉ፣ ሌሎች ጥንታዊውን የገዳም አጻጻፍ ትነካላችሁ ብለው ይቃወማሉ። በአንድ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ሁሉ መንገድ አለ፤ አንዱንም ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ኮሚቴ በአንድ የትምህርት ዘመን አልፈጠረውም።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የጀርመንኛ ታሪክ ነው። ጀርመንኛ በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድ፣ በሊክተንስታይን፣ በሉክሰምበርግና በቤልጅየም የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ በሰሜን ጣሊያን ደቡብ ቲሮልም ሕጋዊ ቦታ አለው። የዙሪክ ሰው ቤቱም መሥሪያ ቤቱም የሚያወራው የራሱን አነጋገር ነው፤ ጋዜጣውን ግን የሚያነበው በጋራው ጽሑፍ ነው። ሉክሰምበርግ እ.ኤ.አ. በ1984 የራሷን አነጋገር ብሔራዊ ቋንቋ ብላ ስታውጅ ጦርነት አልተነሳም፤ ጀርመንኛንም አልጣለችም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከእነዚህ አገሮች አብዛኞቹ ቪየና ላይ ተሰብስበው ስለ አጻጻፍ ሕግ ተስማሙ። ስምምነቱም ያለ ጭቅጭቅ አልሄደም። ትልልቅ ጋዜጦች ወደ ቀድሞው አጻጻፍ ተመለሱ፣ ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ፣ ፍርድ ቤት ተከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከየአገሩ የተውጣጡ ባለሙያዎች የሚቀመጡበት የአጻጻፍ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በ2006 ሕጉ ተሻሻለ። ስዊዞች ሌሎች የሚጠቀሙበትን አንድ ፊደል ዛሬም አይጽፉም፤ ማንም አላስገደዳቸውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ዳውሮ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው። ወላይታ፣ ጋሞና ጎፋ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ይገኛሉ፤ ሶዶም ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ናት። እንግዲህ ተቀራራቢ ቋንቋ ያላቸው ሕዝቦች በሁለት ክልል ሥር ናቸው፤ ቢፈለግ እንኳ ለሁሉም በአንድ ትእዛዝ የሚያዝዝ ትምህርት ቢሮ የለም። ይህን እንደ እንቅፋት የሚያይ ይኖራል፤ እኔ ግን የማስገደድ ስጋትን የሚቀንስ ዋስትና አድርጌ አየዋለሁ። የሚቀረው በፈቃድ መገናኘት ነው፤ ድልድዩም ከወዲሁ አለ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በዳውሮ፣ ታርጫ ላይ ካምፓስ አለው፤ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም በጎፋ፣ ሳውላ ላይ። የቋንቋ መምህራኑ ሊቀመጡበት የሚችሉት ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው ማለት ነው።

ቁስሉ ገና አልሻረም፣ ዛሬ የፊደል ስብሰባ ብላችሁ ነገ ወጋጎዳን ታመጡብናላችሁ የሚል ሰው መብቱ ነው፤ የሞተው የእሱ ወገን ነውና። ለዚህ ሰው የሚሰጠው መልስ ማባበል ሊሆን አይገባም፤ ዋስትናው በጽሑፍ መሆን አለበት። የአራቱ ቋንቋዎች ባለሙያዎች የሚቀመጡበት የጋራ ጉባኤ የቋንቋ ስም አይለውጥም፣ የመማሪያ መጽሐፍ አያዝዝም፣ ማንኛውም አባል ያልተስማማበትን አይቀበልም። ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፦ ጀርመኖች ሀብታም ናቸው፣ እኛ ግን ለአራት ቋንቋ መጽሐፍ ማሳተምም ይከብደናል ይባላል። ይህ ክርክር የሚደግፈው ትብብርን ነው። ወላይትኛ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ1.6 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አፍ መፍቻ ነበር፤ በአገራችን ሚዛን ትንሽ የማይባል ቁጥር ቢሆንም ለመዝገበ ቃላት፣ ለስልክ የፊደል ገበታና ለአጻጻፍ ማረሚያ ፕሮግራም ብቻውን ገበያ መሳብ ይቸግረዋል። አማርኛ ይበቃል የሚሉም አሉ። አማርኛ በክልሉ ብዙዎችን ያገናኛል፤ ይህን የሚክድ የለም። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ሒሳብን መጀመር ያለበት በሚገባው ቋንቋ ነው፤ አማርኛውን ደርቦ መማሩን የሚከለክለው ነገር የለም።

ሥራው ከትንሹ ቢጀመር ይሻላል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ወላይትኛ ጉሮሮ ላይ ቆረጥ የሚለውን ድምፅ በ7 ቁጥር ይጽፋል፤ ረዥም አናባቢንም ፊደሉን በመድገም ያሳያል። እህት ቋንቋዎቹ እነዚህን ድምፆች በአንድ ዓይነት መንገድ ቢጽፉ ማን ምን ያጣል? ቀጥሎ ለታችኞቹ ክፍሎች ሒሳብና ሳይንስ የሚያስፈልጉ ስያሜዎች አሉ። ለክፍልፋይ፣ ለሥር፣ ለትነት እያንዳንዱ ዞን ለብቻው ቃል ከሚፈልግ አንዱ የተሻለውን ሲያገኝ ሌላው ከድምፁ ጋር አስማምቶ ቢወስድ፣ ካልተመቸውም ቢተወው። የተወውም ቃል በጋራ ዝርዝር ላይ ከነምክንያቱ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሊነሳ ይችላል።