ዓሣን ማከምም በብልኃት ነው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ምክሩ ለሰው የተነገረ ነው፤ ሰው አፍ አለውና። ዓሣ ግን ሲታመም አይጮኽም፣ አያቃስትም። በሐይቅም ሆነ በወንዝ ደክሞ የታየ ዓሣ ፈጥኖ ስለሚበላ፣ ሕመሙን መደበቅ ተፈጥሮው ሆኗል። እንግዲህ ዓሣን በመስተዋት ሣጥን የሚያኖር ሰው፣ ሳይነገረው የሚያስተውል ዓይን ሊኖረው ይገባል።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ዓሣው ምግብ እምቢ ያለ እንደ ሆነ፣ አንዱ ብልኅ ከሕመሙ የተረፈችውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ ውኃው ላይ ይበትናል። ዓሣው ከሦስት ቀን በኋላ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲገኝ «ዕድሜው ነው» ይባላል። ጎልድፊሽ በደኅና ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራልና ይህ ምክንያት አያስኬድም።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ ብዙ ጊዜ የታመመው ዓሣው ሳይሆን ውኃው ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለውን መርዝ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይህንኑ ይጨምራል። መርዙን ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት በማጣሪያውና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱም በአዲስ ሣጥን ውስጥ እስኪበረክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። እንክብሉ ታዲያ እነዚህኑ አገልጋዮች ሊገድል ይችላል። መድኃኒት ያልነው የመርዝ ረዳት ሆነ ማለት ነው!

ምልክቶቹን ለይቶ ማወቅ የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ መሆንን አይጠይቅም። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፋፍት ከሆነ አየር አጥሮታል፤ ወይም አሞኒያ ስንጥቡን አቃጥሎታል። በተለይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ውኃዋ የሚይዘው ኦክሲጅን እኩል ሙቀት ካለው የባሕር ጠረፍ ውኃ በሩብ ያህል ያንሳል። መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ሲቆም ጭንቁ ይብሳል። ቅርፊቱ ተነሥቶ የጥድ ፍሬ የመሰለ ዓሣ ደግሞ ሕመሙ ጠንቶበታልና የመዳን ተስፋው ጥቂት ነው።

ገላውን በድንጋይ የሚያሻሽና ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ከሆነ፣ ነጭ ነጠብጣብ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ ይዞታል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ተውሳኩ ቆዳ ውስጥ ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም፤ የሚሞተው ወድቆና ተራብቶ፣ ልጆቹ ሌላ ዓሣ ፍለጋ በውኃው ውስጥ ሲዋኙ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ጠፋ ብሎ ሕክምናውን ማቋረጥ ጠላትን በር ከፍቶ እንደ መጠበቅ ነው። ለጎልድፊሽ በአንድ ሊትር ውኃ ከ1 እስከ 3 ግራም ጨው አሟሙቶ ቀስ በቀስ መጨመርና እስከ ሁለት ሳምንት መጽናት ይረዳል። ሙቀቱን ከፍ ማድረግ የተውሳኩን ዑደት ያፋጥናል፤ ነገር ግን የሞቀ ውኃ ኦክሲጅኑ ስለሚያንስ አየር መንፊያው ይጠንክር።

«ዓሣ አይደለም እንዴ? ሌላ ይገዛል» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ወንድሜ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ያለ ምክር የተበተነው እንክብል ከውኃው ጋር ወደ ቦይ ይፈስሳል፤ ከእርሱ የተረፉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን መቋቋም ይለምዳሉ። ነገ ይኸው መድኃኒት ለሰው ሲታዘዝ አልሠራም ቢል ማንን እንወቅሳለን? ሁለተኛ፣ የሐይቅ ዓሣ ውኃው ሲከፋበት ወደ ሌላ ጥግ ይሸሻል፤ የእኛ ዓሣ ግን የት ይሂድ? መሸሻውን የነሣነው እኛ ነን፤ ኀላፊነቱም የእኛ ነው።

ስለዚህ እንክብል ከመፈለጋችን በፊት ከውኃው ሩቡን ያህል እንለውጥ፤ የቧንቧውንም ውኃ ክሎሪኑ እንዲበን በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን እናቆየው። አዲስ የተገዛ ዓሣ ከነባሮቹ ሳይቀላቀል ጥቂት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም ካላዘዘ አይነካ። ይህን ለማድረግ ትዕግሥት የሌለን ከሆነ ግን፣ ለሣጥን መግዣ የምናዋጣውን ገንዘብ ለመጽሐፍ እናውለው።